ድራፍት ቤት ልከፍት ነው፤ የኪራይ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

የሰሚቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ድራፍት ቤት ልከፍት ነው። ቤትም አግኝቻለሁ። አዲስ አበባ ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ሁለት ሱቅ አንድ ላይ። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ የሚያዘረጋ ሜዳ አለው። አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ይፈልጋል፤ ውሉ የ1 ዓመት ነው። በሰፈሩ ሰው ሞልቷል፤ ማታ ማታ ግን መቀመጫ እያጣ ወደ መገናኛና ሃያ ሁለት ነው የሚሄደው።

የአንድ ቢራ ፋብሪካ ሽያጭ ሠራተኛም መጥቶ ቦታውን አየልኝ። ማሽኑን፣ ወንበሩን፣ ጃንጥላውን እናመጣልሃለን፣ አንተ የእኛን ብቻ ሽጥ ብሎኛል። እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ቢራ መጠጣት እንጂ መሸጥ አላውቅም። በሥራው ያለፋችሁ ንገሩኝ። ምን ልጠይቅ? ምን ልይ? የእነሱን ማሽን ልቀበል ወይስ የራሴን ልግዛ?

ቃሪያ በሚጥሚጣ

ሽንት ቤቱ የት ነው? ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የኮንዶሚኒየም ሱቅ ብዙ ጊዜ የራሱ ሽንት ቤት የለውም። ቢኖረውም አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ድራፍት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ጃምቦ ሲጨርስ ይነሳል። 40 ሰው ተቀምጦ አስበው። ሰልፉ ሲረዝም ወንዱ ወደ አጥሩ ዞር ይላል፤ ሴቷ ሒሳብ ጠይቃ ትወጣለች። እሷ ስትወጣ አብረዋት የመጡት አምስቱም ይወጣሉ። ቤትህ የወንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ውሃ። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ የሚሰቀልበት ቦታ አለ? ለሽንት ቤቱም፣ ለብርጭቆውም፣ ለወጥ ቤቱም ከአንዱ ሮቶ ነው የምትቀዳው። ሐሙስ ውሃ ከጠፋ ቅዳሜ ላይ ቤትህ ይሸታል።

ሦስተኛው ቆጣሪ ነው። የሱቅ ቆጣሪ ብዙ ጊዜ አንድ ፌዝ ነው። ድራፍት ማሽን፣ ሁለት ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ቡና ማሽን አንድ ላይ ስትሰካ ይወርድብሃል። ሦስት ፌዝ (ትልቅ ጉልበት የሚሸከመውን መስመር) ለማስገባት ማን ይከፍላል? አንተ ከሆንክ የ1 ዓመት ውል ይዘህ እንዳትነካው።

የሰሚቱ

ሽንት ቤት አንድ አለ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ከጎን ካለው ፀጉር ቤት ጋር የጋራ። ስለ ቆጣሪው ጠይቄ አላውቅም። አመሰግናለሁ ወንድም።

የፒያሳው

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ፒያሳ ድራፍት ስቀዳ ኖሬያለሁ። አሁን ሰፈሩም ፈርሷል፣ እኔም አርፌያለሁ። ስለ ኪራዩ ወጣቶቹ ይንገሩህ። እኔ የማውቀው አረፋ ነው። ድራፍት ቤት የሚከስረውም አረፋው ላይ ነው።

50 ሊትር በርሜል እንውሰድ። ብርጭቆህ 400 ሚሊ ሊትር ከሆነ በወረቀት 125 ብርጭቆ ይወጣዋል። 125 የሸጠ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። በርሜል ሲቀየር መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ነው። ቱቦ ውስጥ ያደረው ጠዋት ይደፋል። አንዱ ይፈስሳል፣ አንዱ ይሰበራል። ጥሩ ቀጂ 115 ያወጣልሃል። እጁ ያልተገራ ቀጂ፣ ወይም የሞቀ በርሜል፣ 100 ላይ ያቆምሃል። ለፋብሪካው የከፈልከው ግን የ50 ሊትሩን ነው። እነዚያ 15 ብርጭቆዎች ከሌላ ከየትም አይመጡም፤ ከትርፍህ ላይ ነው የሚቆረጡት። በቀን ሦስት በርሜል ብትሸጥ አስላው።

በርሜል ከመኪና ወርዶ፣ እየተንከባለለ መጥቶ፣ ወዲያው ከተገጠመ የምትሸጠው አረፋ ነው። ቢያንስ ሌሊቱን ይረፍ። ፀሐይ አይንካው፣ ቆርቆሮ ሥርም አይደር። ዛሬ የሚገጠመው ትናንት የገባው ነው። እንዲህ ለማድረግ ማስቀመጫ ክፍል ያስፈልግሃል። ሁለት ሱቅህ ውስጥ ያ ክፍል የት ነው?

አቀዳዱ ቀላል ነው፤ ግን ማስተማር አለብህ። ብርጭቆውን ጋደም ማድረግ፣ ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መክፈት። ቢራውን ይቆጥብ መስሎት ቧንቧውን በግማሽ የሚከፍት ልጅ ይመጣብሃል። በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ አረፋ ነው የሚተፋው። ብርጭቆው ሲሞላ ቀና፣ ከላይ ሁለት ጣት አረፋ፣ በቃ። የቧንቧው አፍ ቢራው ውስጥ አይነከርም።

አሁን ዋናው። ክትፎ የተበላበት ሳህን በታጠበበት ገንዳ ውስጥ የድራፍት ብርጭቆ አይታጠብም። ቅቤው ብርጭቆው ላይ ይቀራል። ዓይን አያየውም፤ ቢራው ግን ያውቀዋል። ሲቀዳ አረፋው ብቅ ይልና ጠረጴዛ ሳይደርስ ይከስማል። ሰውየው ያየዋል፤ ውሃ ቀላቅለውበታል ይላል። ያንን ወሬ ማን ይመልሰዋል? ለብርጭቆ ለብቻው ገንዳ፣ ለብቻው ስፖንጅ ይኑር። በጨርቅ አይወልወል። ተደፍቶ በአየር ይድረቅ። ከተጠራጠርክ ብርጭቆውን በውሃ አርጥበህ ውስጡን ጨው ነስንስበት። ጨው ያልያዘበት ቦታ ቅባት አለው ማለት ነው። እኔ ለአዲስ ልጅ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነበር።

ማሽን ሐኪሙ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የድራፍት ማሽን ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ ከዚያ በኩል ልጨምር።

አብዛኛው ቤት ያለው ማሽን በረዶ የሚሠራ ነው። ውስጡ ውሃ አለ፤ ማሽኑ ከውሃው በረዶ ይጋግራል፤ ቢራው በዚያ መሃል በተጠመጠመ ቱቦ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። በረዶው እስኪጋገር ሰዓታት ይወስዳል። 10 ሰዓት ላይ ሰክቶ 11 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ድራፍት የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አረፋ ሲተፋ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይደውልልኛል። ማሽኑ ተሰክቶ ማደር አለበት። ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ይታይሃል። በረዶው በደንብ ከተጋገረ ጥቂት ሰዓት ያቆይሃል። ከዚያ በላይ ጄነሬተር ነው። ጄነሬተሩን ስትገዛ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ አስበህ አትግዛ፤ የማሽኑ ኮምፕረሰር ሲነሳ የሚስበው ጉልበት ትልቅ ነው።

ቱቦው በየ2 ሳምንቱ በኬሚካል መታጠብ አለበት። ሲቆሽሽ ቢራው መጀመሪያ ቅቤ ቅቤ፣ ቀጥሎ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ደንበኛ ይህን አይነግርህም። ጠርሙስ ያዛል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ መምጣቱን ይተዋል። ፋብሪካው ሰው ይልካል ተብለህ ከሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚልክ ውሉ ላይ ይጻፍ። ኬሚካሉ ቆዳ የሚያቃጥል ነው፤ ሳያውቅ የሚነካካ ልጅ አይኑር። ከታጠበ በኋላም በንጹህ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ።

ስለ ጋዙ ደግሞ አደራ። ቢራውን የሚገፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። መስኮት የሌለው ጠባብ ስቶር ውስጥ በርሜል ሊቀይር ጎንበስ ያለ ልጅ ሊወድቅ ይችላል። ሲሊንደሩ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን፣ ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር።

ጋዝ ሲያልቅባቸው በጎሚስታ ኮምፕረሰር አየር የሚገፉ ቤቶችም አይቻለሁ። ለዚያች ማታ ይሠራል። በማግስቱ ቢራው እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሁለተኛ ሲሊንደር ግዛ፣ ይቀመጥ።

አራተኛ ፎቅ

እኔ ባር የለኝም። ከባር በላይ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ከሌላው ወገን ስሙኝ።

ወንድሜ፣ ያ ጠረጴዛ አዘረጋበታለሁ ያልከው ሜዳ የአከራይህ አይደለም። የኮንዶሚኒየም አዋጅ (370/1995) አለ። ከቤቱ ውጭ ያለው የጋራ ይዞታ ነው፣ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። አከራይህ ሱቁን እንጂ ሜዳውን ሊያከራይህ አይችልም። ማኅበሩ አንድ ደብዳቤ ለወረዳ ከጻፈ በሳምንቱ ደንብ አስከባሪ ይመጣና ጃንጥላህን ያነሳል።

እኛ ሥር ያለው ቤት እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አራት ጠረጴዛ ነበር። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያ ወጣ። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰበት ወር ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እስክስታ ነበር። ስንነግራቸው ሙዚቃውን ይቀንሳሉ፤ ደረጃ ወጥተን ቤታችን ሳንደርስ መልሰው ይከፍቱታል። አሁን ተካሰን ነው ያለነው።

አንተ ጨዋ ሰው ትመስላለህ። ከመፈረምህ በፊት የማኅበሩን ሊቀመንበር አግኝና ጠይቅ።

የሰሚቱ

እህቴ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ይህን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ቦታው የታየኝ ሜዳውን ይዤ ነው። ያለ ሜዳው ውስጡ ከስምንት ጠረጴዛ በላይ አይይዝም።

ብሶተኛ

አገሩ ሁሉ መጠጥ ቤት ሆኗል። ዳቦ ቤት ክፈት።

ቃሪያ በሚጥሚጣ

ዳቦ ቤት ከፍቶ የዱቄት ዋጋ ሲያብድ አንተ ትደጉመዋለህ?

ሒሳብ ሹም

እኔ ለጥቂት ባርና ሬስቶራንቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ቁጥር ልስጥህ፤ ግን የገበያ ዋጋ ብለህ እንዳትይዘው፣ ለስሌት የወሰድኩት ምሳሌ ነው።

ኪራይህ በወር 60,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ብርጭቆ ድራፍት ላይ ቫትና መግዣው ወጥቶ 20 ብር ቀረልህ እንበል። ኪራዩን ብቻ ለመክፈል በወር 3,000 ብርጭቆ መሸጥ አለብህ። በቀን 100 ማለት ነው፣ ሰኞም ጭምር። ይህ ሁሉ ደሞዝ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝና ዘበኛ ሳይነካ ነው። በስምንት ጠረጴዛ ይህን አስበው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የድራፍት ዋጋ በአንተ እጅ አይደለም። ጎረቤትህ በስንት ይሸጣል፣ አንተም በዚያው ነህ። 5 ብር ብትጨምር ሰው መንገዱን ይሻገራል። በእጅህ ያለው ኪራዩ፣ የሚባክነው ቢራና ወጥ ቤቱ ነው። ጋሼ ስለ አረፋ ያሉት ለዚህ ነው የገባኝ።

ወረቀቱን በአጭሩ። የኪራይ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ፤ ካልጸደቀ ንግድ ፈቃዱ አይንቀሳቀስም። ቲን ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ደግሞም የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር የብቃት ማረጋገጫ። ለዚህኛው መጥተው ወጥ ቤትህንና ሽንት ቤትህን ያያሉ፤ ስለዚህ ከፀጉር ቤቱ ጋር የምትጋራው ነገር እዚያው ይጥልሃል። ምግብና መጠጥ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ የጤና ምርመራ ካርድ ይኑረው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ሳይገባ ሥራ አትጀምር። ለሠራተኞችህ ጡረታ 7 በመቶ ከደሞዛቸው ትቆርጣለህ፣ 11 በመቶ ከራስህ ትጨምራለህ። ብዙ ሰው ይህን 11 በመቶ ረስቶ ነው ደሞዝ የሚያወጣው።

ከጓደኛ ጋር ልትገባ ካሰብክ በጽሑፍ ይሁን። ብቻህን ከሆንክ ደግሞ አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ድራፍት ቤቱ ቢከስር የመለዋወጫ ሱቅህን ይዞት እንዳይሄድ አስብበት።

እና ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ይከለክላል (አዋጅ 1112/2011)። ቤት ውስጥ ሲጋራና ሺሻም በዚያው አዋጅ ክልክል ነው። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያሉ ቤቶች ይህን እንደ ቀልድ ያዩታል፤ ሲመጣባቸው ግን እሽግ ነው።

ሁለት በር

ወደ ማሽኑ ልመልሳችሁ፤ ልጁ እሱንም ነው የጠየቀው።

ፋብሪካዎች ማሽንና ወንበር የሚሰጡት ወደውህ አይደለም። የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ከወጣ ወዲህ ስማቸው የሚታየው በእኛ ቤት ነው። ጃንጥላው፣ ወንበሩ፣ ብርጭቆው ላይ። ስለዚህ አንተም የምትሰጣቸው ነገር እንዳለህ አውቀህ ተደራደር። አፍረህ አትቀበል።

ውሉን በደንብ አንብበው። የወር ኮታ አለው? ኮታው ካልሞላ ምን ይሆናል? ማሽኑን ያነሳሉ ወይስ ያስከፍሉሃል? እኔ የፈረምኩት ውል ላይ ኮታው ለክረምትም ለበጋም አንድ ነበር። ሐምሌ ላይ ማን ድራፍት ይጠጣል? ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ኮታው በዓመት ይቆጠር ብለህ ተከራከር። በርሜል ሲጠፋ፣ ጭነት ሲቀር ሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ልሽጥ ብለህም አስጽፍ። እጥረት ሲመጣ፣ በተለይ የበዓል ሰሞን፣ አከፋፋዩ መጀመሪያ የሚያደርሰው ለትልልቆቹ ቤቶች ነው። አንተ ባዶ ማሽን ታቅፈህ ትቀመጣለህ።

ሌላ። ፋብሪካ ባለቤት ይቀያየራል። ሜታን ዲያጆ ገዛው፣ እ.ኤ.አ. 2012 ላይ። ከ10 ዓመት በኋላ ለቢጂአይ ሸጠው። በደሌና ሐረር ወደ ሄኒከን የገቡት እ.ኤ.አ. 2011 ነው። ባለቤት ሲቀየር የሽያጭ ሠራተኛው ይቀየራል፣ በቃል የተባለው ሁሉ ይረሳል። የተጻፈው ብቻ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ብዬም ግን ማሽን ግዛ አልልህም።

ማሽን ሐኪሙ

እኔ ግን ግዛ እላለሁ። ያገለገለ ጥሩ ማሽን ይገኛል። የራሱ ማሽን ያለው ሰው የሁለት ፋብሪካ ድራፍት ይሸጣል፤ አንዱ ሲጠፋ አንዱ አለ።

ሁለት በር

ወንድሜ፣ አንተ ጠጋኝ ነህ፣ ሁልጊዜ ማሽን አጠገብ ነህ። እሱ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲቆም ማንን ይጠራል? የፋብሪካው ከሆነ ስልክ ይደውላል። የራሱ ከሆነ አንተን ፈልጎ ያጣሃል። ለጀማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በእነሱ ማሽን ይሥራ። ብቻ ውሉ ከ1 ዓመት አይብለጥ፣ ውሉን ማፍረሻ አንቀጽ ይኑረው።

የፒያሳው

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለልጁ ግን «ሁለት በር» የተናገረው ይሻላል።

እናት ጓዳ

እስካሁን ስለ ምግብ አንድ ሰው አላነሳም፤ ወንዶች መሆናችሁ ያስታውቃል።

እኔ ሳሪስ ቤት አለኝ። ድራፍቱ ሰውን ያስቀምጠዋል፣ ትርፉን የሚያመጣው ጓዳው ነው። ሰው ባዶ ሆዱን ሁለት ጠጥቶ ይሄዳል። ጥብስ ካዘዘ ግን አራት ይጠጣል፣ ጓደኛም ይጠራል። ስለዚህ ከጎንህ ሥጋ ቤት አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ካለ ተስማማ። እሱ ሥጋውን፣ አንተ መጠጡንና መቀመጫውን። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ልኳንዳው የራሱ ነው፤ ጥብሱን ግን የእኔ ሴቶች ይጠብሱታል።

አሁን ደግሞ የጾሙን ነገር ልንገርህ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ 15 ቀን አለ፣ የነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ድራፍት ጾም አያፈርስም ብሎ የሚጠጣ ሰው ሞልቷል። ጥብሱ ግን ይቆማል፣ ጥብሱ ሲቆም የሚመጣው ሰው ያንሳል። አጥብቆ የሚጾመው ደግሞ መጠጡንም ይተዋል። ተጋቢኖ ሽሮ፣ በየዓይነቱ፣ ዓሣ ለሚበላው ዓሣ ጉላሽ፣ ድንች በቃሪያ። ጥሩ ሽሮ የምትሠራ ሴት ካገኘህ በደሞዝ አትከራከራት።

የካቲት ላይ እንዳትከፍት። ጾም ይገባል፣ ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር ትሠራለህ፣ ክረምት ይመጣል፣ ውጭ ያለው ጠረጴዛ ይታጠፋል። ጥቅምት ላይ ክፈት። ከዚያ ጥር ድረስ በዓሉ፣ ጥምቀቱ፣ ሠርጉ፣ መልሱ አለ። ለክረምቱ የሚሆን ገንዘብ በእነዚያ ወራት ነው የምትይዘው። ያልያዘ ሰው ነሐሴ ላይ ባርና ሬስቶራንት ከነሙሉ ዕቃው ይሸጣል ብሎ ይለጥፋል። ቴሌግራም ላይ ነሐሴን ጠብቀህ እይ።

ስለ ሠራተኛ። በፊሽ (በብርጭቆ ልክ በሚቆጠር ምልክት) አሠራ። አስተናጋጇ ጠዋት ፊሽ ከሒሳብ ትወስዳለች፣ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ፊሽ ለቀጂው ትሰጣለች፣ ማታ ፊሽና ብር ይተያያል። ያለ ፊሽ አንድም ብርጭቆ አይቀዳም፣ አንተም ብትሆን። በተለይ አንተ ስትጋብዝ። ባለቤቱ በቃል ማዘዝ ከጀመረ ሁሉም በቃል ነው። ቀጂውና ሒሳብ ያዡ ዘመዳሞች አይሁኑ። ጠርሙስ ከውጭ በቦርሳ አስገብቶ በቤቱ ዋጋ የሚሸጥ አስተናጋጅም አጋጥሞኛል፤ የጠርሙስ ሽያጩ ከባዶ ሳጥኑ ጋር ሲታይ ባዶው በዝቶ ነው የነቃሁት። ባዶ ጠርሙስ ቁጠር።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ስትዘጋ ልጆቹ በምን ቤታቸው እንደሚገቡ ያንተ ጉዳይ ነው። የሚያደርስ መኪና ተነጋገር። አስተናጋጅ ላይ እጁን የሚሰድ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ አንተ ራስህ ተነስተህ ነው የምታስወጣው፣ ዘበኛው አይደለም። ስንት ቢጠጣም። ልጆቹ ይህን አንድ ጊዜ ካዩ ከአንተ አይሄዱም። እኔ ጋ ከከፈትኩ ጀምሮ ያሉ አሉ።

የሰሚቱ

እትዬ፣ ይህን ጽሑፍዎን አትሜ ኪሴ ውስጥ ነው የምይዘው። ኳስስ? ትልቅ ስክሪን ልስቀል ብዬ ነበር።

እናት ጓዳ

ኳሱን ሌላ ሰው ይመልስልህ። እኔ ጋ አይታይም። ሆን ብዬ ነው።

ኦፍሳይድ

እኔ ልመልስ። ኳስ ቤቱን ይሞላል፣ ካዝናውን ግን እንዳሰብከው አይሞላም። ሰውየው 90 ደቂቃ ሙሉ አንድ ድራፍት ይዞ ይቀመጣል፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ አስተናጋጅ አያይም። ሁለት ቡድን ደጋፊ ከተቀላቀለ ደግሞ ብርጭቆ ይሰበራል። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ አውሮፓ ሰዓት ሲቀይር 5 ሰዓት ይሆናል። ስታበቃ ሌሊት 7 ነው። ከላይ አራተኛ ፎቅ ተኝታለች።

ከሰቀልክ ሁለት ነገር። የቤት ሳይሆን የንግድ ቤት የቴሌቪዥን ፓኬጅ አስገባ፣ ይቆጣጠራሉ። እና የእረፍት ሰዓቱ ላይ ሁሉም አስተናጋጅ ጠረጴዛዎቹ መሃል ይሁን። የኳስ ማታ ሽያጭ የምትሸጠው በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ነው። እኔ ብሆን ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው የማሳየው፤ አለበለዚያ ባዶ የሚሆኑ ቀኖች ናቸው።

ዱቤ የለም

ስሜን አይታችሁ ገብቷችኋል። ምንም አልጨምርም። ለወንድምህም ቢሆን።

ከዲሲ

ሰላም። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ነው ያለሁት፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ማናጀር ነኝ። ወሬያችሁ ደስ ስላለኝ ነው። እናንተ ጋ ጎረቤት የሚከሰው ከተከፈተ በኋላ ነው። እዚህ ከመክፈትህ በፊት ነው። የመጠጥ ፈቃድ ስትጠይቅ በርህ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ሰፈርተኛው አይቶ የመቃወም መብት አለው። የሰፈር ምክር ቤቱ ይጠራሃል፣ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት፣ ውጭ ስንት ወንበር ብሎ ያስፈርምሃል። መጀመሪያ ሲያስጨንቅ ነበር። ግን ከፈረምክ በኋላ ሁሉም ገደቡን ያውቃል፣ ጭቅጭቅ የለም።

የሬስቶራንት ፈቃድ ከወሰድክ ደግሞ መጠጥ ብቻ መሸጥ አትችልም፤ የምግብ ሽያጭህ የተቀመጠለትን መጠን መድረስ አለበት፣ ሪፖርትም ታስገባለህ። እትዬ እናት ጓዳ ያሉትን እዚህ ሕግ አድርገውታል። ወንድሜ፣ ሕግ ባያስገድድህም ከማኅበሩ ጋር በራስህ ፍላጎት እንዲህ ዓይነት ወረቀት ተፈራረም።

አራተኛ ፎቅ

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ አይኑር፣ ሽንት ቤት ይኑር። መጠጣቱን ማን ከለከለ? ባሌ ራሱ እዚያው ነው የሚጠጣው።

የሰሚቱ

ላሳውቃችሁ። የማኅበሩን ሊቀመንበር አገኘሁት። ሜዳው አይሰጥም፤ ከእኔ በፊትም ሁለት ሰው ጠይቆ ተከልክሏል። አከራዩ ይህን ያውቅ ነበር። የ3 ዓመት ውል ስለውም አይሆንም አለ። ተውኩት።

አሁን ገርጂ አካባቢ አንድ ያረጀ ቪላ እያየሁ ነው። ግቢ አለው፣ ሁለት ሽንት ቤት አለው፣ ኋላ ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፤ በርሜሉ ለብቻው ያድራል። ሦስት ፌዝ ገብቶለታል። ኪራዩ ከሰሚቱ ይበልጣል፤ ግን ባለቤቶቹ የ4 ዓመት ውል እና የ3 ወር ቅድሚያ ተስማምተዋል። በሒሳብ ሹም ስሌት ሠራሁት፤ በቀን ከ130 ብርጭቆ በታች ኪራዩን አይሸፍንም፤ ጠረጴዛው ግን 25 ይሆናል። ከሁለት ቤት አልፎ ልኳንዳ አለ፣ ሰውየው ጋር ሻይ ጠጥተናል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የሰርቪሱ ክፍል መስኮት ትንሽ ናት፣ ለጋዙ ትበቃለች? ከክፍሉ እስከ ባንኮኒው ደግሞ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ቱቦው ይረዝማል?

ማሽን ሐኪሙ

መስኮቷን ተዋት። ጋዙ ታች ነው የሚተኛው፣ መስኮቷ ላይ ናት። በሩ ግርጌ ላይ ወንፊት ያለው ቀዳዳ አስቆርጥ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ሌላ። ሲሊንደሩን ውጭ በረንዳ ላይ በብረት ሳጥን ብታስቀምጠው ከሁሉም ይሻላል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭኑ ቱቦ ብቻ ይሆናል።

9 ሜትር ረጅም ነው። በረዘመ ቁጥር ውስጡ የሚያድረው ቢራ ይበዛል፣ ጠዋት የምትደፋውም ያንኑ ያህል ነው። መንገድ ላይም ይሞቃል። ባንኮኒውን ወደ ኋለኛው ግድግዳ አስጠጋው፣ ሰርቪሱ ከጀርባው እንዲሆን። ግንበኛ ሳታስገባ ንገረኝ፣ መጥቼ ልየው።

የፒያሳው

ባንኮኒውን ስታሠራ ለብርጭቆው ገንዳ እዚያው ይሠራ። ሁለት ጉድጓድ ያለው፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለመለቅለቂያ። ከወጥ ቤቱ አርቀው።

እናት ጓዳ

ወሩ ስንት ነው አሁን? ሐምሌ። ግንበኛውን ቶሎ አስገባው፣ ጥቅምት እንዳያመልጥህ።